ስምንቱ ኮከቦችና የበልጉ ዘር

ዘመሮ አጠገብ፣ መንዝ
ጥር 3 ቀን 1954 ዓ.ም.

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ስላደረ የእንስራው ውኃ ከላይ ረግቶ አገኘሁት። ትናንት ደብዳቤህ ሲነበብ ቤቴ የነበሩት መምሬ መርስዔ ኃዘን፣ ቅጣውና ጎረቤቴ ጌታነሽ ናቸው። ይህን ያስቀደምሁት ማን ምን እንዳለ በኋላ እንዳይምታታብህ ብዬ ነው።

የወንድሜ ልጅ ኃይለመስቀል፣ በሰው አገር እንደምን ሰነበትህ? እዚህ እስከ ኮንጎ የሚደርስ ጋሻ ባይኖረንም አምላክህ ካለህበት አይርቅም ብዬ እኖራለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ።

አንተ ከሄድህ ወዲህ ያለኝን አንድ በሬ ከቅጣው በሬ ጋራ አቀናጅቼዋለሁ። እርሱም አንድ በሬ ብቻ ነው የቀረው። ሁለቱን ጠምዶ የእርሱንም የእኔንም የአባትህንም ድርሻ ያርሳል። እኔ ዕርፍ እንደማልይዝ ታውቃለህ፤ በዚህ አገር ሴት ዕርፍ ከያዘች ዝናቡ ይሸሻል ይላሉ። ስለዚህ ቅጣው ያላረሰው መሬት ጦም ያድራል።

አሁን ወደ ደብዳቤህ ልመለስ። እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብሁት። ስለ ኮንጎ ሙቀት ካልኸው ላይ ስደርስ ጌታነሽ «ለእኛ ትንሽ ቋጥሮ ቢልክልን ምን ነበር» አለች። ቤልጅጎቹ ማዕድ እንደ ቀረበ ቤታቸውን ጥለው መሄዳቸውን ሳነብ መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አብረውህ ከዘመቱት ከህንድ ወታደሮች የሰማኸው መጣ። በአገራቸው ያሉ ኮከብ ቆጣሪዎች ስምንት ኮከቦች ባንድ ቤት ይገናኛሉ፣ በዚያን ቀን ዓለም ያልፋል ብለዋል፤ ቀኑም በእኛ ጥር ሃያ ስምንት ይውላል ብለህ ጽፈሃል። ከሥሩ ያለው «እንግዲህ ጠብቃችሁ እዩ» የሚል ብቻ ነው። ሣቅ ይሁን እውነት አላልህም።

ቅጣው «ስንት ኮከብ አልሽ፣ እትዬ?» አለኝ።

«ስምንት።»

«ያለነውስ በስንተኛው ሺህ ነው?»

በስምንተኛው ሺህ መሆናችንን ያልሰማ ሰው የለም።

«ሃያ ስምንትስ የማን ቀን ነው?»

«የአማኑኤል» አለች ጌታነሽ ቀስ ብላ።

መምሬ «ቅጣው፣ ያን ቀንና ያን ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም። መላእክትም አያውቁትም» አሉት።

«መላእክት ላያውቁ ይችላሉ፣ መምሬ። ይሄ ግን ወታደር የጻፈው ነው። ኃይለመስቀል ሲዋሽ ሰምተው ያውቃሉ?»

ያኔ ነገሩ ጨዋታ ሊሆን ይችላል አለማለቴ አሁን ይቆጨኛል።

ዛሬ ጠዋት ቅጣው መጥቶ በሬውን ከበሬዬ ለየ። «እስከ አማኑኤል ይረፍ፤ ዓለም ካለፈ ገብሱን ማን ያጭደዋል?» አለኝ። እንደ ቀልድ አልተናገረውም። ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ሳንዘራ ከቀረን ክረምቱን የምንበላው እንደሌለን እርሱም ያውቀዋል።

ስለዚህ አደራህን፣ ጨዋታ ከሆነ ጨዋታ ነው ብለህ ባንድ መስመር ጻፍልኝ። እርሷን መስመር አነብላቸዋለሁ። ይህ ወረቀት ነገ ከመሐል ሜዳ በሚነሣው የጭነት መኪና ይሄዳል። መልስህ ከቀኑ በፊት ይደርስ እንደሆነ አላውቅም።

አክስትህ ወለተኪዳን


ካታንጋ፣ ኮንጎ
ጥር 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ወለተኪዳን። ከእግር እስከ ራስ በጤና ያቆይልኝ እያልሁ በሩቁ እጅ እነሣለሁ። ከእርስዎ ወረቀት ካየሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ጓደኛዬ አባይነህ ነው። እኔ ጥበቃ ላይ ስለምውል ለመጻፍ አልተመቸኝም፤ በሌላ አያስቡት።

በታኅሣሥ እዚህ ከተማው ውስጥ ውጊያ ነበር። አሁን ጸጥ ብሏል። የመርሐቤቴው ልጅ ዓምደ ሚካኤል፣ ባለፈው ዓመት ቤት ይዤው መጥቼ ቆሎ ያስያዙት፣ ሞቷል። ለእናቱ አለቃችን ይጽፋል ብለውናል።

እንግዲህ እርስዎ ከእኔ ይልቅ አንብበዋልና ልጠይቅዎ። እዚህ ትናንት አገር ይገዛ የነበረ ሰው ዛሬ ሻንጣ ይዞ መንገድ ዳር መኪና ሲለምን አያለሁ። ትናንት አሽከሩ የነበረው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማኅተም ይመታል። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እግዚአብሔር መንግሥትን ይነቅላል፣ ይተክላል ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ሲነቀልም በዓይኔ አየሁ። ግን ትልቁን እርሱ የሚያዘው ከሆነ ትንሹን ማን ነው የሚያዘው? ዓምደ ሚካኤል የነበረው ከእኔ በሁለት ክንድ ርቀት ነው። ሁለት ክንድ ለእግዚአብሔር ምኑ ነው?

ህንዶቹ ያሉት የኮከብ ነገር እውነት ቢሆን አይከፋኝም። አንዴ ተጠቃሎ ቢያልቅ ይሻላል።

ስለ በልጉ አይድከሙ። የእኔ ድርሻ ዘንድሮ ቢዘራም ባይዘራም ለእኔ አንድ ነው። ጸሎት ብቻ ነው የምጠይቅዎ፤ ባለፈው ካልሲ ላኩልኝ ያልሁትንም ይተዉት።

የወንድምዎ ልጅ ኃይለመስቀል


ዘመሮ አጠገብ፣ መንዝ
ጥር 22 ቀን 1954 ዓ.ም.

ልጄ ኃይለመስቀል፣ የማርያም በዓል ባለፈበት ማግሥት ይህን እጽፍልሃለሁ። እንኳን በሕይወት ቆየህልኝ። ዝናቡ ከአሥራ ዘጠኝ ጀምሮ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ጥሎ ዛሬ አባርቷል። መሬቱ ጠግቧል።

የዓምደ ሚካኤልን ነፍስ ይማር። ስሙን ለመምሬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በቅዳሴ ያነሡታል።

ደብዳቤህ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደረሰኝ። ያወቁ ሁሉ ተከትለውኝ ገቡ፤ ቤቱ ሞላ። ቆሜ ማንበብ ጀመርሁ። ሰላምታውን አነበብሁ፣ የዓምደ ሚካኤልን ሞት አነበብሁ። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየውና ዘለልሁት። «ጸሎት አድርጉልኝ ይላል» ብዬ አጠፍሁት። ይህን ያህል ዘመን ለሰው ሳነብ መስመር ስዘልል የመጀመሪያዬ ነው።

ቅጣው ከበሩ አጠገብ ነበር። «ገጹን ቶሎ ገለበጥሽው፣ እትዬ» አለኝ።

«ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነው፤ ዓይኔ አልለመደውም።»

«የኮከቡን ነገር አላነሣም?»

«ሰላም በሉልኝ ነው የሚለው» አልሁ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው መሆኑ እውነት ነው። ለምን የሌላ ሰው እንደሆነ ግን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ እየጠበቅሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቅጣው ቤት ሄድሁ። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርሁለት። ዛሬ ኡራኤል ነው፣ ነገ ጊዮርጊስ፣ ከነገ ወዲያ ተክለ ሃይማኖት። ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ እሑድ መድኃኔ ዓለም፣ ሰኞ አማኑኤል፣ ማክሰኞ በዓለ ወልድ። ለሞፈር የቀረችው አንዲት አርብ ናት። መሬቱ እስከ ረቡዕ እርጥቡን ይዞ ይቆይ አይቆይ አይታወቅም።

«አርብን ስጠኝ» አልሁት።

«እትዬ፣ ጌታ ሲመጣ ዕርፍ ይዤ አልገኝም።»

«ዕርፍ ይዘህ ብትገኝ ምን አለበት? ሁለት ሰዎች በእርሻ ይሆናሉ ይላል እንጂ በድግስ ይሆናሉ አይልም።»

«አንዱ ይቀራል ይላል እኮ።»

«አንዱ ይወሰዳልም ይላል።»

ትንሽ ሣቀ። ከዚያ ወደ ጎታው ወሰደኝና አሳየኝ። ባዶ ነው። የዘሩን ገብስ ለአማኑኤል ድግስ ጠላ ይጠመቅበት ብሎ ሰጥቶታል። ሌሎች አምስት ቤቶችም ሰጥተዋል። «ነዳያን ከበሉት እዚያ ይቆጠርልኛል፤ መሬት ውስጥ ከበሰበሰ ግን ለማንም አይቆጠርም» አለኝ። ስስታም ቢሆን እቆጣው ነበር። ያለውን ሁሉ የሰጠ ሰው በምን ይቆጡታል? ያን ያህል ያመነውም እኔ ባነበብሁት ነው።

አያትህ ያደረጉትን ነገርሁት። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጠላት በሰሜን ገባ ሲባል፣ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ተባለ። አባቴ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውም በልጉን ሳይዘሩ ቀሩ። ዓለም አላለፈም። ጠላትም በአምስት ዓመቱ ወጣ። ያልተዘራው ግን በዚያው ክረምት ጎዳን። ታናሽ እኅቴ ነሐሴን አላየችም። ቅጣው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ አርብን ግን አልሰጠኝም።

አሁን ለጠየቅኸኝ። ከአንተ ይልቅ አንብበዋል ብለኸኛል። እኔ ያነበብሁት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ባለሱቁ ስኳር የጠቀለለበትን፣ ሰው ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ጋዜጣ ነው። አንዱ ቁራጭ ላይ በእገሌ አገር ንጉሥ ተነሣ ይላል፤ መውደቁን የያዘውን ቁራጭ ሌላዋ ሴት በርበሬ ቋጥራበት ሄዳለች። ጦርነት የተጀመረበትን አግኝቼ ያለቀበትን ሳላገኝ የቀረሁት ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ግን ጋዜጣው ሲታተም ሙሉ አልነበረም ብዬ አላውቅም። ሙሉው እግዚአብሔር ዘንድ ነው። እኔ ቁራጩን ነው የያዝሁት፤ አንተም እንዲሁ። ህንዶቹም ኮከብ ቆጥረው ያገኙት ቁራጭ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ አነበብን ማለታቸው ነው ስሕተቱ።

ስለ ሁለቱ ክንድ መልስ የለኝም። ስለ እኅቴም ኖሮኝ አያውቅም። ለምን እርሷ ሆነች፣ ለምን እኔ አልሆንሁም ብዬ ብዙ ዘመን ጠየቅሁ። የማውቀው በሚቀጥለው ዓመት አባቴ መዝራታቸውን ነው።

አርብ ጠዋት ዶማዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሴት ዕርፍ አትይዝም እንጂ ዶማ አትያዝ ያለ የለም።

አክስትህ ወለተኪዳን


ካታንጋ፣ ኮንጎ
ጥር 24 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአክስቴ። ሰላምታዬን አጭር ያደረግሁት ንቄ አይደለም፤ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። መስመሩ ቢጣመም ይታገሡኝ። የጥር ሦስት ደብዳቤዎ በአውሮፕላን ዛሬ ደረሰኝ። ደንግጬ ተቀመጥሁ።

አነብላቸዋለሁ ያሉትን መስመር ልጻፍ ብዬ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። ጨዋታ ነበር ብል እዋሻለሁ። ያን ስጽፍ ገና ውጊያው አልደረሰም ነበር፤ ግን እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ ፈርቼ ነው የጻፍሁት። በኋላም በአባይነህ እጅ የጻፍሁት ከዚያ የከፋ ነው። እርሱን እባክዎ ለማንም እንዳያነቡት።

የኮከቡን ነገር የነገረን የህንዶቹ ሐምሳ አለቃ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ድንብላል ዘርቷል፤ ጠዋትና ማታ በቆርቆሮ ውኃ ያጠጣል። ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ሄጄ በአስተርጓሚ «ዓለም ሊያልፍ ነው ካልህ ይህን ለማን ነው የምታጠጣው?» አልሁት። ድንብላሉን አየ፣ እኔን አየ። «ምን ላድርግ፣ በቅሏል» አለኝ። ይህን ለቅጣው ያንብቡለት። እኔ ከምለው ይሻላል።

ቀኝ እጄ በታኅሣሥ ቆስሎ ሁለት ጣት ተቆርጦበታል፤ አውራ ጣቱና ሌሎቹ ሁለቱ ደኅና ናቸው። ወታደርነት በቃህ ተብያለሁ፤ በመጋቢት ወደ አገር ይመልሱኛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ የአባቴ መሬት ነው። ስለ በልጉ አይድከሙ ያልሁትን ይርሱት። መሬቱ ጦም ካደረ የምመለስበት ምን አለ? ዕርፍ ለመያዝ ስንት ጣት ይበቃል?

የወንድምዎ ልጅ ኃይለመስቀል


ዘመሮ አጠገብ፣ መንዝ
የካቲት 2 ቀን 1954 ዓ.ም.

ልጄ ኃይለመስቀል፣ የጻፍህልኝ ጠማማ መስመር ትናንት ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንድ እጅህን ከነሦስት ጣቱ፣ ሌላውን ከነሙሉው፣ አንተን ከነነፍስህ ላተረፈልኝ አምላክ ተመስገን። ከእኔ ባትደብቀው ይሻል ነበር፤ እኔም ከሰው ደብቄያለሁና አልቆጣህም። ደብዳቤህ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ።

አርብ ጠዋት ለብቻዬ በዶማ መቆፈር ጀመርሁ። ጌታነሽ አጥሩ ላይ ቆማ «ወለተኪዳን፣ መቃብርሽን ነው? ሰኞ እኮ ለሁላችንም አንድ ላይ ይቆፈራል» አለችኝ። መቆፈሬን ስቀጥል ገብታ የራሷን ዶማ አመጣች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ብንቆፍር የአንድ ጎጆ ስፋት ነው ያገላበጥነው። እጃችን ተላጠ። በዚህ አኳኋን ማሳው እስከ ፋሲካ አያልቅም ብለን ሣቅን።

ሰኞ የአማኑኤል ዕለት አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለም። ከቅዳሴ በኋላ ድግሱ ተበላ። ለእንግዳም ለነዳይም በቃ፤ ሊዘራ የነበረው ገብስ ነውና ጠላው ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ፀሐይዋን ማየት ጀመረ። ቅጣው ከቅጥሩ ግንብ ላይ ተቀምጦ ውሎ አልወረደም። ፀሐይዋ እንደ ሁልጊዜው በመርሐቤቴ በኩል ገባች። መምሬ ወጥተው «በሉ፣ ብርድ ነው፣ ወደየቤታችሁ» አሉ። የሣቀ የለም። ሰው እየተያየ ተበተነ።

ማክሰኞ በዓለ ወልድ ስለሆነ ሥራ አልነበረም። ወደ ማታ ገና ሳይጨልም ቅጣው መጣ። ቁጭ በል ብለውም ቆመ።

«እትዬ፣ ተራዘመልን ማለት ነው?»

«እንደሱ ይመስላል።»

«ስንት ይሆን የተራዘመልን?»

«እኔ እንጃ። ለገብስ የሚበቃ ይመስለኛል።»

«ዘር የለኝም» አለ።

ያን ጊዜ በማርያም ዕለት የዘለልሁትን አውጥቼ አነበብሁለት። ቢጠቃለል ይሻላል ያልኸውን፣ ቢዘራም ባይዘራም አንድ ነው ያልኸውን፣ ሁሉንም። እንዳላነብ የለመንኸኝ ገና አልደረሰኝም ነበር፤ ይቅር በለኝ። ግን የመጀመሪያውን ሳነብ ያልተጠነቀቅሁ ሁለተኛውን ደብቄ ብቀር ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን?

ቅጣው እስከ መጨረሻው ሰማ። «ይህን ያን ቀን አንብበሽው ቢሆን በሬውን አርጄው ነበር» አለ። ቀጥሎም «ልጁ ተጎድቷል፤ ይህ የተጎዳ ሰው ቃል ነው» አለ። እኔ ሳልነግረው ያወቀው እርሱ ነው።

«ጌታ ሳይመጣ በመቅረቱ አፈርሁ ልበልሽ?» አለኝ። «አላፈርሁም። ቢመጣ ዝግጁ ነበርሁ።»

«ዝግጁ መሆንህን አይቷል። አሁን ደግሞ ነገ ጠዋት ዝግጁ ሆነህ ና» አልሁት።

ስለ ጣቶችህ ትናንት ጠየቅሁት። «ዕርፍ ለመያዝ ሦስት ይበቃል፤ ጅራፉን በግራ ይልመድ» አለ። የህንዱንም ነገር አነበብሁለት። ድንብላሉ ደጋ ይሆን እንደሆነ ጠይቅልኝ ብሏል።

ጥር ሠላሳ፣ ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ማሳው ድረስ ወርጄ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትሁ። ላዩ ደርቋል፤ ከሁለተኛው አንጓ በታች ግን እርጥብ ነው። ተመልሼ ጎታውን ከፈትሁ። ለአንተ ድርሻ የለየሁትን ዘር አልነካሁትም። የራሴን ለሁለት ከፍዬ ባንድ ዓይነት ስልቻ አሠርሁ። የእኔ ማሳ ዘንድሮ እኩሌታው ጦም ያድራል፤ የቅጣውም እንዲሁ። ቅጣው በሬውን እየነዳ ሲመጣ አንዱን ስልቻ ሰጠሁት። «የድግሱ ካሣ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ የንባቤ ነው» አልሁት። ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለው። በሬዬን አውጥቼ አስረከብሁት። መጀመሪያ የገባነው አባትህ ድርሻ ላይ ነው። እርሱ አማትቦ ዘሩን በተነ፣ ጠምዶም አፈር አለበሰው። እኔ ከኋላ ጓል እየሰበርሁ ተከተልሁ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ያንተ አለቀ፤ በሬዎቹን ውኃ አጠጥተን ወደ እኔ ማሳ ተሻገርን።

አክስትህ ወለተኪዳን